የሮክ ባንድና የመተማ መድረክ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ ሮክ ሙዚቃና ስለ መተማ ቆላ ነው። ሁለቱን ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

«ሮክ ከባሕር ማዶ የመጣ ጩኸት ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። የነሐስ መሣሪያም እኮ እንግዳ ነበር። በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ የአርመን ልጆች የነፉት ጥሩምባ ዛሬ በአገራችን ዘፈን ውስጥ እንደ ቤተኛ ይቆጠራል። ጃኖ ባንድም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስሙን ከባለ ቀይ ጥለቱ የጥንት የክብር ልብስ ወስዶ የሮክን ጊታርና ከበሮ ከአገር ቅኝት ጋር አዋሐደ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ቢል ላስዌል በተባለው አሜሪካዊ አዘጋጅነት «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን አወጣ።

ነገር ግን ባንድ በአልበም ብቻ አያድግም። በስቱዲዮ የተበላሸው ተሰርዞ እንደገና ይቀዳል፤ በመድረክ ላይ ግን አንዴ ያመለጠ አይመለስም። እውነተኛ ባንድ የሚታወቀው ከበሮ መቺው የሕዝቡን ትከሻ አይቶ ምቱን ሲያረዝም፣ ጊታር ተጫዋቹም ድምፃዊው ትንፋሽ እስኪስብ ክፍተቱን ሲሞላለት ነው። የተቀዳ ሙዚቃ አስከፍቶ ከንፈር ማንቀሳቀስ ይህን ሊያስተምር አይችልም። ዋልያስ ባንድ የበሰለው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ሂልተን ሌሊት ሌሊት እየተጫወተ ነው፤ በሰዓት እላፊው ዘመን ታዳሚው እስከ ንጋት ይቆይ ነበርና። በ1981 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ሲሻገርም ይዞት የሄደው ስንቅ ይኸው ነበር።

እንግዲህ ወደ መተማ እንውረድ። ከጎንደር በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ በኩል የሚወርደው መንገድ ከሱዳኑ ጋላባት ፊት ለፊት ያደርሳል። መተማ በትምህርት ቤት የምትነሣው ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። ይሁን እንጂ ያንን ድንበር ዜማም ይሻገረዋል። የሰሜን ሱዳን ዘፈን በብዛት እንደ እኛው በአምስት ድምፅ የተሠራ ነው፤ የእነሱ ጠምቡርና የእኛ ክራርም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ስደተኞች የገቡት በዚሁ በር ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛም የየአገሩን ዘፈን ይዞ ይመጣል። ጆሮው አለ፤ ዜማው አለ፤ የጎደለው መድረክ ነው። ጊታር ያማረው የቆላ ወጣት ዘፈኑን በስልክ ይሰማል፤ ባንድ እንዴት ተግባብቶ እንደሚጫወት ግን በዓይኑ ካላየ ከየት ይማራል?

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የሙዚቃ ክበቡ ክፍል በሳምንት አንድ ማታ ለጀማሪ ባንዶች ይከፈት። ሁለተኛ፣ እነዚህ ባንዶች ለተማሪው በሚቀርቡበት ጊዜ የተቀዳ ሙዚቃ አይፈቀድ፤ ቢሳሳቱም በእጃቸው ይጫወቱ። ሦስተኛ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ አንድ ጄኔሬተርና ሁለት ድምፅ ማጉያ ጭነን ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ እንውረድ፤ ከስደተኞቹም መካከል ጠምቡር የሚመታ ቢገኝ አብሮን መድረክ ይውጣ።

ወጪው ለማኅበሩ ሣጥን እንደሚከብድ አናጣውም። መዋጮውን ከራሳችን እንጀምራለን፤ መዝገቡም ከስብሰባው በኋላ በበሩ አጠገብ ይገኛል።