ሞተሩ ጸጥ ባለ ጊዜ

ከባልንጀሮቼ ጋር ጎሕ ሳይቀድ ከለቡ መብራት ኃይል በሞተር ሳይክል ተነሥተን፣ የዓባይን በረሃ ወርደንና ወጥተን፣ ጎንደርንም ደባርቅንም አልፈን፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ወደ ተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ በዘለቅን ጊዜ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስለ ሳሳ፣ የአንደኛው ሞተር ቤንዚኑን አጥርቶ ማቃጠል ተስኖት ቀጥ አለ። ካንዴላውን ፈትተን ብናየው በጥቀርሻ ጠቁሯል። የቀደሙን ሁለቱ ሳይጠሩ ተመለሱ፤ የፓርኩ ስካውትም፣ እግዚአብሔር ይስጠውና፣ ጋቢውን ዘርግቶ ነፋሱን ከለለልን። በዚያ አርምሞ ውስጥ ነው፣ በገደሉ አፋፍ የተቀመጡት ጭላዳ ዝንጀሮዎች በጣቶቻቸው ሣሩን ሲነጩ፣ ድምፁ በቅኔ ማሕሌት እንደሚደረግ የለሆሳስ ጸሎት ሆኖ የተሰማን።