ዱላው በር ላይ ይቅር

አንበሳሜ ከተማ ላይ ገበያ ሲፈታ ወደ ቀዬው ከሚያቀናው የደራ ወረዳ ገበሬ መካከል አረቄ ቤት ጎራ የሚል አይጠፋም። ጠላ ሲሆን ነገሩ ቀስ ይላል፤ የአልኮል መጠኑ ከ2 እስከ 6 በመቶ ገደማ ነው። ዳግም አረቄ ግን 45 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ መለኪያው ሲደጋገም፣ ቁጣችንን የሚገታውን የአእምሯችንን ክፍል ያደነዝዛል። ጠዋት «ይሁን» ተብሎ የታለፈ የድንበር ነገር ማታ በዱላ ይመለሳል። ከዚያ አንዱ ይቀበራል፣ አንዱ ይታሰራል፣ ልጆች ቂም ይወርሳሉ፤ ሽማግሌም ደም ለማድረቅ ስንት ጊዜ ይመላለሳል!

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳይሸጥ፣ በሬዲዮም እንዳይተዋወቅ ከልክሏል። ደግ ሕግ ነው። ጓዳ ውስጥ የወጣ አረቄ ግን ድሮም ማስታወቂያ አላሻውም።

አረቄ ሻጯን ለመውቀስ አልደፍርም፤ ልጆቿን የምታሳድግበት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ አብሮ የሚጠጣው ጎረቤት ነው። ጓደኛው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መለኪያውን ከፊቱ የሚያነሳ፣ «ተነሥ፣ ወንድሜ፣ እንግባ» ብሎ ክንዱን ይዞ እስከ ደጁ የሚያደርሰው እሱ ነው።