የታሪክን ትልም ስለ ማስተማር
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ በየወረዳው የአማርኛ መምህራን ይሆናሉ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው የታሪክን ትልም ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንዴት እናስተምር ስለሚለው ጉዳይ ነው።

ምሳሌዬን ከዝቋላ አመጣለሁ። የሸዋውን ተራራ ማለቴ አይደለም፤ በዋግ ኽምራ፥ በተከዜ በኩል ያለውን ወረዳ እንጂ። በዚያ አገር አፉን በኽምጣንጋ የፈታ፥ ተረትንም በዚያው ቋንቋ ከአያቱ የሰማ ተማሪ ብዙ ነው። ይህ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ መምህሩ «ግጭት፥ ጡዘት፥ መፍቻ» ብሎ በሰሌዳ ይጽፍለታል። ልጁም ገልብጦ ለፈተና ያጠናል። ታሪክ ጻፍ ሲባል ግን ብዕሩ ይቆማል፤ ስሙን እንጂ ነገሩን አላገኘውምና።

ነገሩ ምንድን ነው? አርስጣጣሊስ ከ2300 ዓመታት በፊት እንዳስተማረው፥ መጀመሪያን ከመካከል፥ መካከልንም ከመጨረሻ የሚያስተሳስረው ምክንያት ነው። «ዝናብ ቀረ፤ ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ ክረምት መጣ» ብንል ይህ የድርጊት ተራ ብቻ ነው። «ዝናብ ስለ ቀረ ገበሬው በሬውን ሸጠ፤ በሬውን ስለ ሸጠም ዝናቡ በተመለሰ ጊዜ የሚጠምደው አጣ» ብንል ግን ትልም ሆነ። ድርቅን የሚያውቅ የዋግ ልጅ ይህን ለመረዳት ሰሌዳ አያስፈልገውም፤ «ከዚያስ ምን አደረገ?» ብሎ ራሱ ይጠይቃል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። እናቱ ስለ ልጅዋ ጤና ብላ በዛብህን ለእግዚአብሔር ተሳለች። ስለቱን ከመጽሐፉ ብናወጣው የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መከራ ግማሽ ምክንያቱን ያጣል። ትልም ማለት ይህ ነው፤ አንዱ ድንጋይ ሲወጣ ግድግዳው ይናጋል።

እንግዲህ የምመክረው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፍቺ አናስጽፍ። አንድ ተማሪ ከቤቱ የሰማውን ተረት ይናገር፤ ቢፈልግ በኽምጣንጋ ይናገር፥ ጓደኛው ወደ አማርኛ ይመልሰው። ቀጥሎም ከተረቱ አንድ ድርጊት አውጥተን «አሁንስ መጨረሻው ይቆማል?» ብለን ክፍሉን እንጠይቅ። ተማሪዎቹ ከተከራከሩ በኋላ ግጭት፥ ጡዘትና መፍቻ የሚባሉትን ስሞች እንስጣቸው። ያን ጊዜ ስሙ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

«ፈተና እያለ ለተረት ጊዜ የለም» የሚል ይኖራል። ነገር ግን የገባውን የሚጽፍ ተማሪ ከሸመደደው ተማሪ ይልቅ ለፈተናም የተዘጋጀ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ከቤቱ ይዞት የመጣው ዕውቀት በክፍል ውስጥ ያልተጠየቀ ልጅ፥ ዕውቀት ሁሉ ከሌላ አገር የሚመጣ ይመስለዋል። የአያቱን ተረት በሰሌዳው ላይ ያየ ልጅ ግን፥ ነገ የራሱን ታሪክ ለመጻፍ ይደፍራል።