የፓስታው ግንብ ለምን ወደቀ?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ሰዓት የተደረገ ንግግር)



ስለ ሥራ አመራር እንድናገር ስጠየቅ ጥቂት አፈርሁ። በዚህ ትምህርት እስካሁን ያሳየሁት ሙያ አንድ ግንብ መጣል ብቻ ነውና። ግንቡም የፓስታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአስተዳደር መምህራችን አንድ ቀን ክፍሉን በአራት በአራት ከፈሉና ለየቡድኑ 20 ዘንግ ያልተቀቀለ ፓስታ፤ ሜትር የማይሞላ ፕላስተር፤ ያንኑ ያህል ሲባጎ፤ ማርሽማሎ የሚባለውንም ለስላሳ ከረሜላ አንዳንድ ሰጡን። በ18 ደቂቃ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚቆም ግንብ ሠርታችሁ ከረሜላውን ከጫፉ ላይ አስቀምጡ አሉ። ጨዋታውን ያወጣው ፒተር ስኪልማን የተባለ የንድፍ ባለሙያ ነው፤ በዓለም ያሳወቀው ደግሞ ቶም ውጄክ በ2010 እ.ኤ.አ. ባደረገው ንግግር ነው።

ቡድናችን በመጀመሪያ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ሊቀ መንበር መረጠ! የዚህ ኅብረት አባሎች ነንና ልማዱ አልለቀቀንም። እኔ ተመረጥሁ። ጸሐፊም ተመረጠ፤ የሚጽፈው ግን አልነበረውም። በዚህ አራት ደቂቃ ሄደ። ቀጥሎ ሁለት ንድፍ አወጣንና ስንከራከር ቆይተን ሦስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ወሰንን። ፓስታውን የጨበጥነው ሰባት ደቂቃ ሲቀር ነው።

ከመካከላችን አንዲት ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ገና በንድፉ ላይ ሳለን፤ «ከረሜላውን አሁን ሰክተን ብናየውስ?» አለች። እኔም፤ «እሱ ጉልላት ነው፤ ጉልላት የሚወጣው ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው» ብዬ መለስሁላት። ሁሉም ሳቁ፤ መልሴም ለራሴ ደስ አሰኘኝ። ልጅቱ ሁለተኛ አልተናገረችም። ግማሽ ደቂቃ ሲቀር ጉልላቱን አወጣነው፤ ግንቡም ጎበጠና በጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። ያ ከረሜላ በእጅ ሲይዙት ላባ ይመስላል፤ በቀጭን ፓስታ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ግን ሸክም ነው።

ውጄክ እንደ ተናገረው፤ በዚህ ጨዋታ ዝቅተኛ ውጤት ከሚያገኙት መካከል ከንግድ ሥራ ትምህርት ቤት አዲስ የተመረቁት ይገኛሉ፤ ከሚበልጡት መካከል ደግሞ መዋዕለ ሕፃናት የጨረሱ ልጆች! የአስተዳደር ተማሪዎች ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ሕፃናቱ አለቃ ለመሆን ጊዜ አያጠፉም። ከረሜላውን ከመጀመሪያው ይዘው ትንሽ ግንብ ያቆማሉ፤ ሲወድቅባቸው ያስተካክላሉ፤ እንደ ገና ያስረዝማሉ። ተመራቂው አንድ ትክክለኛ ዕቅድ ይፈልጋል፤ ዕቅዱ የሚፈተነው ጊዜው ሲያልቅ ስለ ሆነ ግን ስሕተቱን የሚያርምበት ፋታ አያገኝም።

ውጄክ አንድ ጊዜ ለአሥር ቡድኖች የ10,000 ዶላር ሽልማት ቢያቀርብ አንዱም ቡድን የቆመ ግንብ አላሳየም። ከዚህ ይልቅ እኔን የነካኝ ሌላ ነው። የኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ብቻቸውን ሲሠሩ ከመካከለኛው ውጤት በጥቂቱ ብቻ ይበልጣሉ፤ ጸሐፊ ሲጨመርላቸው ግን በብዙ ይሻሻላሉ። (እዚህ ላይ የኛ ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝ።) ሰዓቱን የሚጠብቅ፤ ዝም ያለውን «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚል ሰው ስለ ተገኘ ነው። እኔ ሊቀ መንበርነትን የመናገር ሥልጣን አድርጌው ነበር፤ ለካ የማናገር ሥራ ኖሯል።

ታዲያ ዕቅድ ይቅር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቅር። ድልድይ ያለ ንድፍ አይሠራም፤ ፓስታ ቢሰበር ግን ጉዳቱ ከፓስታ አያልፍም፤ ስለዚህ በርካሹ ነገር አስቀድሞ መሞከር ይቻላል። የኛ ንድፍ የከረሜላውን ክብደት አያውቅም ነበር፤ የምታውቀውን ልጅ ደግሞ እኔ ዝም አሰኘኋት።

ከክፍል ስንወጣ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ግድ የለም፤ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ከግንቡ መውደቅ ይልቅ ይህ ቃል ብዙ ቀን ከረመብኝ። ከዚህ ቀደም በስንት ቡድን ውስጥ ስንት «ጉልላት» ሰምታ ይሆን?

በዚህ መንፈቅ ለመመረቂያ ጥናት የተመደብነው ያው አራታችን ነን። መጠይቁን ለሁለት መቶ ሰው ልናባዛው ስንል ልጅቱ፤ «መጀመሪያ በአምስት ሰው እንሞክረው» አለች። ሞከርነው፤ ሦስተኛው ጥያቄ ለአምስቱም አልገባቸውም። ዛሬ ማታ እንደ ገና እንጽፈዋለንና በዚሁ እንድቆም ፍቀዱልኝ፤ እየጠበቁኝ ነው።