ዜሮም ይጻፍ

«ሐኪም ስለ ዳታቤዝ ምን አገባት?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

በምሠራበት የደም ግፊት ክትትል ክሊኒክ በየሦስት ወሩ አንድ ዝርዝር ይወጣል፦ በሦስቱ ወራት ከሁለት ጊዜ በታች የመጡ ታካሚዎች። ነርሶቻችን ለእነሱ ይደውላሉ። ዝርዝሩን ማውጣት ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ የኮምፒውተር ባለሙያችን ኩዌሪውን አሻሻለው። በሴኮንዶች ወጣ፤ ስሞቹም አነሱ። ታካሚዎቻችን በርትተዋል ብለን ደስ አለን።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት የማውቃቸው እናት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። አራት ወር መድኃኒት አልወሰዱም። ልጃቸው «ምነው ዶክተር፣ ስልክ እንኳ አትደውሉም?» አለችኝ። ዝርዝሩን ገለጥኩት፤ ስማቸው የለም።

የድሮው ኩዌሪ እያንዳንዱን ታካሚ ይዞ «ይሄ ሰው ስንቴ መጣ?» እያለ ይቆጥር ነበር። አዲሱ መጀመሪያ የጉብኝት መዝገቡን በየስሙ ይቆጥርና ውጤቱን ከታካሚዎች ስም ጋር ያጣምራል። አንዴ የመጣ ሰው «አንድ» ይባላል። ጭራሽ ያልመጣ ግን መዝገቡ ላይ መስመር ስለሌለው ዜሮ እንኳ አይጻፍለትም፤ ሲጣመር ይወድቃል። የቀሩብን በጣም የሚያሰጉት ነበሩ።

በባለሙያችን አልፈርድም። ዎን ኪም እ.ኤ.አ. በ1982 በኩዌሪ ውስጥ ያለን ኩዌሪ ወደ ጆይን የመቀየሪያ ዘዴ ሲያሳትም ይኸው ስህተት ነበረበት። ኋላ ኪስሊንግ አጋለጠው፤ በ1987 ጋንስኪና ዎንግ በአውተር ጆይን አቃኑት፦ ጓደኛ ያጣው መስመርም አይጣል፣ ዜሮ ይዞ ይቆይ። «ካውንት በግ» የሚባለው እሱ ነው። ዛሬ ደግሞ ይህን መሰል ለውጥ የዳታቤዙ ፕላነር እኛን ሳያማክር ራሱ ይሠራዋል። ስለዚህ ፈጣን ብቻ ሳይሆን ትክክል መሆኑንም መፈተሽ የእኛ ድርሻ ነው።

አሁን ዝርዝር በወጣ ቁጥር ከካርድ ክፍል ጥቂት ካርዶች በእጅ እናወጣለን፤ አንዴም ያልመጣ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳናይ አንፈርምም። እኚያ እናት በከዘራ እየተደገፉ ቀጠሯቸውን ያከብራሉ።

መምህራኖቻችን፣ ራውንድ ላይ «ትኩሳት የለም፣ ሳል የለም ብላችሁ ጻፉ፤ የሌለውም ይጻፍ» ስትሉን ያኔ ይሰለቸን ነበር። ለካ ለኮምፒውተሩም የሚሆን ትምህርት ኖሯል።