የንባብ ማዕዘን ለምን? በኩታበርና በአካባቢዋ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍሎች ንባብን ስለ ማስተማር



ዛሬ የምናገረው አነስተኛ ስለሚመስል ጉዳይ ነው። በ1ኛ፣ በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ውስጥ የንባብና የጽሕፈት ማዕዘናትን እንዴት እናደራጃለን? ከዚያም በፊት፣ ለምን እናደራጃለን?

ቃሉ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። «የንባብ ማዕዘን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ግድግዳና ከሥሩ ጥቂት መጻሕፍት የተደረደሩበት መደርደሪያ በየትምህርት ቤቱ ይታያል። መጻሕፍቱ እንዳይቀደዱ ተቆልፎባቸው ጎብኚ ሲመጣ ብቻ የሚወጡበት ቦታም አለ። እንዲህ ያለው ማዕዘን የክፍሉ ጌጥ ነው፤ የትምህርቱ አካል ግን አልሆነም። በእኔ እምነት የንባብ ማዕዘን የሚቋቋመው በዋናነት ዕቃ ለማስቀመጥ አይደለም። የሚቋቋመው መምህሩ የእያንዳንዱን ሕፃን ንባብ በገዛ ጆሮው የሚሰማበትን ጊዜ እንዲያገኝ ነው። የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የዚህ አሳብ ማብራሪያ ነው።

ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚያሳስብ በቁጥር ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2010፣ ማለትም በ2002 ዓ.ም.፣ በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና፣ ከተመዘኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስለ ታሪኩ ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን እንኳ መመለስ ያልቻሉት ደግሞ 48 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ሕፃናት ትምህርት ቤት ገብተው፣ መዝገብ ላይ ስማቸው ሰፍሮ፣ በየዕለቱ «አለሁ» የሚሉ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚሰጠው ትምህርት መርሐ ትምህርት ተከልሷል፤ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ መማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም መጽሐፍ ብቻውን ሕፃኑ ሲያነብ አይሰማም።

በእኛ አካባቢ በዚህ ላይ ሌላ ችግር ተጨምሯል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ተዘጉ። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደሴንና ኩታበርን አዳረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ደግሞ የብዙ ሕፃናትን ትምህርት እንደገና አቋርጧል። ውጤቱን የክፍል መምህራን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በአንድ የ3ኛ ክፍል ውስጥ አንቀጽ አንብቦ የሚተርክ ሕፃን አለ፤ ቃል በቃል እየገጣጠመ የሚንገዳገድ አለ፤ «በ»ን ከ«ሰ» መለየት ያልጀመረም አለ። ሦስቱም አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው አንድ ገጽ ይገልጣሉ። ለመላው ክፍል የሚሰጥ አንድ ወጥ ትምህርት ለመጀመሪያው ያረፈደ፣ ለመጨረሻው የቀደመ ነው።

አሁን ወደ ጊዜ ሒሳብ ልምጣ። የአገራችን መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል። ነገር ግን 60 ተማሪዎች ያሉትን ክፍል እንውሰድ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህሯ እያንዳንዱን ሕፃን አንድ አንድ ደቂቃ ብቻ ላስነብብ ብትል 60 ደቂቃ ያስፈልጋታል፤ ሌላ ምንም ሳታስተምር እንኳ ጊዜው አይበቃትም። ስለዚህ ክፍሉ በኅብረት ያነባል። በኅብረት ንባብ ውስጥ ደግሞ ማንበብ የማይችል ሕፃን በሌሎች ድምፅ ተከልሎ ዓመቱን ይጨርሳል። «ማን ያነባል?» ሲባል እጁን የሚያወጣውም ዘወትር ያው የሚችለው ነው።

የፊደላችን ባሕርይ ይህን መሸሸጊያ ያሰፋዋል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቅርጽ ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ እንደ «ቋ» እና «ጓ» ያሉት ሲጨመሩ ከዚያም ያልፋሉ። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ»ን በዜማ የሚያወርድ ሕፃን ፊደል ለየ ማለት አይደለም። ከመሐል «ጊ»ን ብትጠቁሙት «ገ፣ ጉ፣ ጊ» ብሎ በከንፈሩ ቆጥሮ የሚደርስበት ብዙ ነው። ፊደል የለየውም ቢሆን ገና መንገድ ይቀረዋል። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይምና «ገና» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ ጊዜን፣ ጠብቆ ሲነበብ በዓልን ያመለክታል፤ «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ማለት ነው። ሕፃኑ የቱን እንደመረጠ፣ ማለትም ያነበበውን መረዳት አለመረዳቱን፣ መምህሩ የሚያውቀው ድምፁን ለብቻው ሲሰማ ነው።

ይህ የመስማት ልማድ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየተራ ያስነብቡ ነበር። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ፊደል ያስቆጥራል፤ አንዱ ፊደል ላይ፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ላይ፣ ሌላው ዳዊት ላይ ሆኖ ሁሉም በአንድ ግቢ ይማራሉ። የአቡጊዳ ተራም ፊደሉ በዜማ ተሸምድዶ እንዳይቀር የተዘጋጀ ብልሃት ነው፤ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ» እያለ ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ ከቅርጽ ወደ ቅርጽ ስለሚዘዋወር ልጁ ቅርጹን ማየት ግድ ይለዋል። በወሎ የቁርኣን ቤቶችም ልጁ የእንጨት ሎሁ ላይ የተጻፈውን ለሸኹ ካላነበበ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የሁለቱም ጉድለት ይታወቃል፤ ልጁ የሚያነበው የቤቱን ቋንቋ ስላልነበረ ድምፁን እንጂ ትርጉሙን አያገኝም ነበር። ዘመናዊው ትምህርት ቤት የቤቱን ቋንቋ ሰጠው፤ በአንጻሩ ለብቻው የሚሰማውን ጆሮ አሳጣው። የንባብ ማዕዘን፣ በአግባቡ ከተያዘ፣ ሁለቱን በረከቶች በአንድ ክፍል ያገናኛል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንግባ። 60ውን ተማሪ ስድስት ስድስት አድርገን በ10 ቡድን እንክፈል። ከ40ው ደቂቃ የመጀመሪያው 8 ደቂቃ ለመላው ክፍል የሚሰጥ ትምህርት ይሁን። ቀጥሎ ሁለት ዙር፣ እያንዳንዱ 12 ደቂቃ፤ የቀረው 8 ደቂቃ ለመሰብሰቢያና ለማጠቃለያ። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ቡድን ከመምህሯ ጋር ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ዘጠኙ በማዕዘናት ይሠራሉ። በቀን ሁለት ቡድን፣ በአምስት ቀን 10 ቡድን ይሆናል። በ12 ደቂቃ ስድስት ሕፃናት ማለት ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ነው። ጥቂት ይመስላል፤ ነገር ግን በ30 ሳምንት ውስጥ አንድ ሕፃን 30 ጊዜ ለብቻው ይሰማል። ዛሬ በብዙ ክፍሎች ይህ ቁጥር ከዜሮ ብዙም አይርቅም።

ዘጠኙ ቡድኖች የሚሠሩባቸው ማዕዘናት ከአራት ዓይነት አይበልጡም። የመጀመሪያው የፊደልና የቃል ማዕዘን ነው። ፊደል የተጻፈባቸው ቆርኪዎች ይበቁታል፤ ልጆች ቆርኪ እየገጣጠሙ ቃል ይመሠርታሉ። ሁለተኛው የንባብ ማዕዘን ሲሆን ሁለት ሁለት እየሆኑ አንዱ ያነባል፣ ሌላው በጣቱ ይከተላል። ሦስተኛው የጽሕፈት ማዕዘን ነው፤ ጥቁር ቀለም የተቀባ ጣውላና ጠመኔ፣ ወይም የካርቶን ጀርባና እርሳስ ይበቃዋል። አራተኛው የተረትና የእንቆቅልሽ ማዕዘን ነው። ልጆች ከአያቶቻቸው የሰሙትን እንቆቅልሽ ይዘው ይመጣሉ፤ መምህሯ ጥያቄውን በካርዱ ፊት፣ መልሱን በጀርባው ትጽፋለች። በሁለት ወር ውስጥ ክፍሉ የራሱ መጽሐፍ ይኖረዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ገብስና ባቄላ፣ ቁርና ጭጋግ ልጁ በየዕለቱ የሚያየው ስለሆነ ትርጉሙ አይጠፋውም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ዴስኩም አይንቀሳቀስም የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ማዕዘን የግድ የክፍሉ ጥግ መሆን የለበትም። ልጆቹ ወደ ማዕዘኑ መሄድ ካልቻሉ ማዕዘኑ በካርቶን ወይም በፌስታል ሆኖ ወደ ልጆቹ ይሂድ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2005 በሀዋሳ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ያስጀመሩት በዚሁ አስተሳሰብ ነው፤ ሕፃኑ መጽሐፉን ካላገኘው መጽሐፉ ሕፃኑን ይፈልገው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሁከት ነው። በርግጥ ያለ ልምምድ በመጀመሪያው ቀን አሥር ቡድን የሚያሰማራ መምህር ክፍሉን ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ለሥርዓቱ ይሁኑ። በየሳምንቱ አንድ ማዕዘን ብቻ ለመላው ክፍል ይዋወቅ፤ ዕቃ ማውጣትና መመለስ፣ በዝቅተኛ ድምፅ መናገር፣ መምህሯ ከቡድን ጋር ሳለች ጥያቄን ለጓደኛ ማቅረብ ይለመድ። መምህሯ ማስነበብ የምትጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የሚሠራ ክፍል ፍጹም ጸጥ አይልም፤ የቄስ ትምህርት ቤቱም ጸጥ ያለ አልነበረም።

ሦስተኛው ጥያቄ የቡድን አመሠራረት ነው። የአንድ ለአምስት አደረጃጀትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቋሚ ነበር፣ መሪውም የታወቀ ነበር። የማዕዘን ቡድን ግን ቋሚ ሊሆን አይገባም። ከመምህሯ ጋር የሚቀመጡት ስድስቱ በደረጃ ይቀራረቡ፤ በማዕዘናት የሚሠሩት ግን እርስ በርስ እንዲረዳዱ ሲባል በየጊዜው ይቀላቀሉ። በየወሩ እንደ ንባባቸው ለውጥ እንደገና ይደልደሉ። ቡድን ሳይለወጥ ከከረመ «የሰነፎች ቡድን» የሚል ስም ያወጣል፤ ያ ስም ደግሞ ከሕፃኑ ጋር ወደሚቀጥለው ክፍል ይሻገራል።

ይህ አሠራር በሌላም ዓለም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በኮሎምቢያ ገጠር የተጀመረው «አዲሱ ትምህርት ቤት» የተሰኘው ሥርዓት፣ አንድ መምህር ልዩ ልዩ ክፍሎችን በአንድ ላይ በሚያስተምርባቸው ተራራማ መንደሮች የመማሪያ ማዕዘናትን፣ የክፍል ቤተ መጻሕፍትንና ተማሪው ራሱን የሚያስተምርበትን መመሪያ አጣምሮ ሠርቷል። በሕንድ ፕራታም የተባለው ድርጅት ሕፃናትን በዕድሜያቸው ወይም በክፍላቸው ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው መድቦ ማስተማርን አስፋፍቷል። ሁለቱም የተነሡት እንደ እኛው ሀብት ባነሰበት ሁኔታ ነው። የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም ለማለት ይህ ይበቃል።

በመጨረሻ ለሦስት ወገኖች ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። ለርዕሳነ መምህራንና ለሱፐርቫይዘሮች፦ ክፍል ስትጎበኙ መደርደሪያውን ከማየታችሁ በፊት የመምህሯን የንባብ መዝገብ እዩ። መዝገቡ ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ፊደል ይለያል፣ ቃል ያነባል፣ ተረድቶ ያነባል የሚሉ ሦስት ምልክቶችና ቀኑ። የማዕዘናቱን ቁሳቁስም እያንዳንዱ መምህር ለብቻው ከሚሠራ በጉድኝት ማዕከላት በጋራ አዘጋጁ።

ለባልደረቦቼ፦ የልምምድ ማስተማር ምዘናችን ዕጩ መምህሩ በሰሌዳው ፊት ከሚያሳየው ገለጻ ባሻገር ከስድስት ሕፃናት ጋር ተቀምጦ የሚያደርገውን ይመዝን። የሕፃንን ስሕተት ሰምቶ ምንጩን መለየት፣ ፊደሉን ነው ወይስ ትርጉሙን የሳተው ብሎ መጠየቅ፣ የሚሠለጠንበት ሙያ ነው።

ለእናንተ ለነገ መምህራን፦ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት፣ ኩታበርም ይሁን መካነ ሰላም፣ ቀለም የተቀባ መደርደሪያና ሥዕላዊ መጻሕፍት ላታገኙ ትችላላችሁ። እነርሱን አትጠብቁ። በአንድ ማዕዘን፣ በአንድ ካርቶን ቆርኪና ለስድስት ልጆች በሚበቃ ሰሌን ጀምሩ። የወሰነ ትምህርት መጨረሻ ላይ ደግሞ ራሳችሁን እንዲህ ፈትኑ። መዝገቡን ገልጣችሁ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ስም ላይ ጣታችሁን አሳርፉ። ያ ሕፃን ባለፈው ሳምንት ምን አነበበ? የት ላይ ተደናቀፈ? መልሱን ካወቃችሁ፣ ግድግዳችሁ ላይ ምንም ባይለጠፍ፣ ክፍላችሁ የንባብ ማዕዘን አለው።