ድንኳናችንን የት እንትከል?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ፣ የቤተሰብ ጉዞ አስተባባሪ ወላጆችን በመወከል የቀረበ ንግግር)



 ስለ ሒሳብና ስለ ምርጫ የሚናገሩ ሌሎች ስላሉ ለእኛ የደረሰን ርዕስ ቀለል ያለ ነው፤ ቤተሰብን ይዞ ከቤት ወጥቶ፣ ድንኳን ተክሎ ስለማደር። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ደግሞ የፈረንጅ ቅብጠት ነው» እንደምትሉ እናውቃለን፤ ፊት ለፊትም ተነግሮናል። ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጉዞው ቀርቶ ገንዘቡ ለአዳራሽ ግብዣ ይዋል የሚል ሐሳብ ስለቀረበ፣ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የምንለው አለን።

በመጀመሪያ ስለ ቅብጠቱ። ድንኳን ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ሠርጋችን በድንኳን ነው፤ ለቅሷችንም በድንኳን ነው። ጥር 10 ቀን ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርዶ በድንኳን ሲያድር፣ ሕዝቡም ጋቢውን ተከናንቦ አብሮ ያድራል። በጃንሜዳ ሣር ላይ፣ በእናቱ ነጠላ ተጠቅልሎ ያደረ ልጅ ስንት ነው! «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ከተመ፣ ሰፈረ ከሚለው የመጣ ነው፤ ንጉሡ ከነሠራዊቱ ድንኳኑን የተከለበት ማለት ነበር። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1886) የተቆረቆረችው፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውኃ አጠገብ በድንኳን ሰፍረው ሥፍራውን ስለወደዱት ነው። ዋና ከተማችን በቤተሰብ ሽርሽር ተጀመረች ብንል ታሪክ አዋቂዎች ይቆጡን ይሆን? (በቮርቢ ጎርድ ጥር 10 ቀን ውጭ እንደር የሚል ካለ ግን እኛ የለንበትም።)

ይሁንና ድንኳን ሌላ ትዝታም አለው፤ ይህን መዝለል አንፈልግም። ከመካከላችን በሱዳን በኩል፣ በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ የስደተኛ ጣቢያዎች አልፈው የመጡ አሉ። ለመጀመሪያው ጉዞ ቤት ለቤት ስንመዘግብ አንዲት እናታችን በራቸውን ከፍተው አዳመጡንና «እኔ ድንኳን ውስጥ ሦስት ዓመት ኖሬአለሁ፤ ለእኔ ይበቃኛል» ብለው መልሰው ዘጉት። ምን መልስ ይሰጣል? መልስ አልነበረንም። በሦስተኛው ዓመት እሳቸው ራሳቸው ጀበናቸውን ይዘው ቀን ቀን መጡ። ወንበራቸውን የሚያስቀምጡት ፊታቸውን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባቸውን ወደ ድንኳኖቹ አድርገው ነው። ሲመሽ የሚያደርሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። እስከ ዛሬም አንድ ሌሊት አላደሩም፤ እኛም እደሩ ብለን አናስቸግራቸውም።

ታዲያ ለምን ጀመርን? እ.ኤ.አ. በጥር 2018 እዚሁ ቱነልባና ጣቢያችን አጠገብ አንድ መንገደኛ መሬት ላይ ወድቆ ያገኘውን የእጅ ቦምብ አንሥቶ ሕይወቱ ማለፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከዚያ በኋላ አብዛኞቻችን ልጆቻችንን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት ብቻ አደረግናቸው። ሐይቅ ከበራችን ሥር ነው፤ ዱሩም ከማስሞ ወደ ዮማረን የሚወስደውን መንገድ ይዞ ለሚሄድ ቅርብ ነው፤ ዮማረን ከ1995 ጀምሮ የተጠበቀ የተፈጥሮ ሥፍራ ነው። ልጆቻችን ግን የሚያውቁት አደባባዩንና የአሳንሰሩን ሽታ ነበር። ሀገራቸው አሳንሰር ሊሆን ነው ብለን ፈራን።

የመጀመሪያው ጉዞ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወደ ፍሎትስብሩ፣ ወደ አልቢ ሐይቅ ዳር ሆነ። (እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የእኛ ክረምት የእነሱ በጋ ስለሆነ፣ «የክረምት ጉዞ» ብለን ስንለጥፍ ልጆቹ የበረዶ ጫማ ይዘው ሊመጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ «የሐምሌ ጉዞ» ብንልም ሥራ ሲበዛ ወደ ነሐሴ ይገፋል።) የዚያ ዓመት በጋ ስዊድን በሙቀት የነደደችበት፣ ደኖቿ የተቃጠሉበት፣ ከቤት ውጭ እሳት ማንደድ በአብዛኛው የሀገሪቱ ክፍል የተከለከለበት ነበር። ለሥጋ ጥብስ የተዘጋጀው ሁሉ ቤት ቀረ። ያዳነን የአያቶቻችን ስንቅ ነው፤ በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። መንገደኛና ዘማች እሳት ሳያነድ የሚበላው ምግብ ለካ ለስዊድን የእሳት ክልከላ ተብሎ የተዘጋጀ ነው! በሶ አይተው የማያውቁ ልጆች በማር በጥብጠው ሲጠጡ፣ ፊታቸው ዱቄት ብቻ ሆኖ ሲሳሳቁ አመሹ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገና ብርሃን ስለነበር ማንም የሚተኛ አልነበረም፤ ወፉም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላስተኛንም። ጀርባችን ለሁለት ቀን አመመን፤ እውነቱን መናገር ጥሩ ነው።

በኋላ በሌላ ዓመት ልጆቹን ወደ ቲረስታ ብሔራዊ ፓርክ ወስደናቸው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 ወደ 450 ሄክታር የሚጠጋ ደን የተቃጠለበትን ሥፍራ አሳየናቸው። ግራጫ ሆነው የቀሩ ግንዶች፣ በመካከላቸው የበቀለ ወጣት ዛፍ። የእሳት ክልከላውን ምክንያት ከዚያ በላይ ማስረዳት አላስፈለገንም።

ስዊድኖች ራሳቸው ዱሩን በሕግ ያገኙት ሰዎች ናቸው ብንል አላጋነንም። ሠራተኛው የሁለት ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት በሕግ ያገኘው በ1938 ነው፤ አምስት ሳምንት የሆነው በ1977 በወጣው ሕግ ነው። አለማንስሬተን የሚሉት፣ ማንም ሰው በሰው ደንና ሜዳ ላይ ለማለፍ፣ እንጆሪና እንጉዳይ ለመልቀም፣ አንድ ሌሊት ድንኳን ተክሎ ለማደር ያለው መብት ደግሞ ጥንታዊ ልማድ ሲሆን፣ በ1994 በሕገ መንግሥታቸው ውስጥ እንዲጠቀስ ተደርጓል። ባለ ርስት «ከመሬቴ ውጣ» ሲል የሰማን ሰዎች ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብናል። ዜግነት አይጠየቅም፤ ሀብትም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ኢንተ ስቶራ፣ ኢንተ ፈርስቶራ የሚሉት ነው፤ አትረብሽ፣ አታጥፋ። ከሰው ቤት መራቅ፣ ቆሻሻን ይዞ መመለስ፣ በተጠበቁ ሥፍራዎች ደግሞ መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ደንብ ማንበብ፤ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያልና።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉት፣ በተለይ ለሙያ ጓዶቻችን። ታክሲ ለምንነዳ ሰዎች በጋ የመርከብ ቱሪስት የሚራገፍበት፣ የአርላንዳ መንገድ የማይተኛበት ወቅት ነው። የራሱ መኪና ያለው ሰው አምስቱን ሳምንት የሚከፍለው የለም፤ ሁለት ሌሊት መኪናውን ማቆም የሁለት ሌሊት ገቢ ማቆም ነው። እኛም ይህን አስልተን ነው የምንሄደው። ለዚህ ነው ጉዞው ከሁለት ሌሊት የማይበልጠው፤ ቦታውም ቅርብ የሆነው። ልጅ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም።

ዕቃ የለንም ለሚሉም መፍትሔ አለ። በብዙ ኮሙዩኖች ውስጥ ፍሪቲድስባንከን የሚባል የስፖርትና የሜዳ ዕቃ ማዋሻ አለ፤ በ2013 የተጀመረ ነው፤ እስከ 14 ቀን በነፃ ያውሳል። በተለይ ተንሳፋፊ ሰደርያ ከዚያ ተዋሱ። በስዊድን የስድስተኛ ክፍል ተማሪ 200 ሜትር፣ ከዚያም ውስጥ 50ውን በጀርባው መዋኘት ይጠበቅበታል። እኛ የደጋ ልጆች ግን ከጉልበታችን በላይ ውኃ ሲደርስ ጸሎት የምንጀምር ነን። ስለዚህ ሕጋችን ጥብቅ ነው፤ የማይዋኝ ልጅ ያለ ሰደርያ ወደ ዳር አይጠጋም፤ ተረኛ ጠባቂ ስልኩን ለሌላ ሰው ይሰጣል። መዥገርም አትርሱ። በስቶክሆልም አካባቢ መዥገር የአንጎል በሽታ ስለሚያስተላልፍ ክትባቱን በጊዜ ማስከተብ፣ ማታም የልጆችን ብብትና ከጆሮ ኋላ መፈተሽ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ብዙዎቻችን ገንዘብ አጠራቅመን ልጆቻችንን ወደ ሀገር ቤት ወስደናል። የወሰድናቸውም እኛ በልጅነታችን ወደ ዋልንባቸው ቦታዎች ነው። አንዱ ሶደሬ ወሰደ፤ በትምህርት ቤት አውቶቡስ እየዘፈነ የሄደበትን ፍል ውኃ ሊያሳይ። አንዱ ላንጋኖ፤ አንዱ ቢሾፍቱ ሆራ። ከእኛ አንዱ ደግሞ የተማረበትን የሐሮማያ ሐይቅ ሊያሳይ እ.ኤ.አ. በ2012 ሄዶ፣ ሐይቁ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አገኘው። «የታለ ውኃው?» አለችው ልጁ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው መመለስ መጀመሩን ሲሰማ ደስ አለው፤ ልጅቷ ግን አድጋለች። ጢስ ዓባይን ያሳየም አለ፤ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ2001 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በበጋ ወራት ፏፏቴው ስለሚሳሳ፣ አባትየው እጁን ዘርግቶ «እስከዚያ ድረስ ነበር» እያለ ሲለካ ልጆቹ እሱን ነበር የሚያዩት። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት እቅዳቸውን የሰረዙ አሉ።

ቦታው ባይለወጥም እንኳ አንድ ነገር ታዝበናል። ላንጋኖ ያው ቡናማ ውኃ ነው፤ የሶደሬ ጦጣም ያው ሌባ ነው፤ ልጆቹም ሙዝ ሲነጠቁ በጣም ሳቁ። አባትየው ግን የፈለገው ሌላ ነው። ከዋርካው ሥር ቆሞ ዓይኑ እንባ ሲያቀር፣ ልጆቹ በጨዋነት ፎቶግራፍ አንሥተው ቆመው ጠበቁት። ትዝታው የእሱ ነው፤ ቢያሳያቸውም የእነሱ አይሆንም። አትውሰዷቸው ማለታችን አይደለም፤ ውሰዷቸው፤ አያት ይሳሙ፣ ቋንቋ ይስሙ። ግን የልጅነት ቦታቸውን ገዝተን የሰጠናቸው አይምሰለን። ያ ቦታ ልጅ ሆነው ያደሩበት፣ የተበረዱበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው «ያቺ ድንጋይ አለች ወይ?» ብለው የሚሮጡበት ነው።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ስብሰባ ከ50 ሰው እንዳይበልጥ ሲከለከልና አዳራሹ ሲዘጋብን፣ ቤተሰብ ቤተሰቡን ለይቶ ከተማ ውጭ ያገናኘን ይኸው ድንኳን ነበር። አምና የተመዘገቡት ግን አራት ቤተሰብ ብቻ ናቸው። ይቅር የተባለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሩን አንክድም። ነገር ግን ያልተመዘገቡትን እንቁጠር። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች የነበሩት ባለፈው ነሐሴ ወደ እኛ መጥተው የማኅበሩን ትልቁን ድንኳን እንድናውሳቸው ጠየቁ። የት ነው? አልን። አልቢ ሐይቅ ዳር። ማን ይሄዳል? እኛ፣ አሉ፤ ወላጅ አያስፈልግም። ትንሽ ከፋን፤ ከዚያም ሰጠናቸው። የሶማሊና የኩርድ ጓደኞቻቸውን ይዘው እንደሄዱ የሰማነው በኋላ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። አንዷ እናት ከቤቷ አንድ ኪሎ በሶ መጥፋቱን ስትናገር፣ ሌላዋ የማር ማሰሮዋ የት እንደገባ ገባት።

እንግዲህ ጉዞው ይቅር ከተባለ እነዚያ ልጆች አይጎዱም፤ መንገዱን ያውቁታል። የምንጠይቀው ዛሬ ስድስትና ሰባት ዓመት ስለሞላቸው፣ እዚያ በኋላ ረድፍ ለሚረብሹን ነው። የአዳራሽ ግብዣውንም አንቃወምም፤ ክትፎ ይጠላል እንዴ? ገንዘቡ ለሁለቱም ይብቃ አይብቃ የሒሳብ ሹሙ ያስረዱን።

የዘንድሮው ጉዞ በነሐሴ የመጀመሪያው ቅዳሜ ይሁን የሚል ሐሳብ አቅርበናል። መመዝገቢያው ወረቀት ሻይ ከሚቀዳበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ለማደር የማይፈልግ ለቀኑ ብቻ መጻፍ ይችላል፤ ማታ አድራሽ መኪና አለ። ድንኳኑ በምድር ቤቱ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ልጆቹ አድርቀው፣ አጥፈው፣ ከእኛ በተሻለ ጠቅልለው መልሰውታል። አንዱ ምሰሶ ግን ጎብጧልና፣ ብረት ማቃናት የሚችል ሰው ካለ ከበዓሉ በኋላ ያነጋግረን።